ባስኩላ ላይ የተገነዝኩ ቀን

ዛሬ ጠዋት መግነዜን ከሳጥን አውጥቼ ደጅ ገመድ ላይ አሰጣሁና ብል በልቶት እንደሆነ እጥፋት በእጥፋት እያየሁ ነበር። ክረምቱ ወጣ፣ ፀሐይ መጣች፣ እኔም ዓመት በዓመት መስከረም ላይ የማደርገውን አደረግሁ። የሚያልፍ ሰው ያያል፣ ያማትባል፣ ፈጠን ብሎ ያልፋል። አንዷ የጎረቤት ምራት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ቆም አለችና "እማማ ላቀች፣ ሞትን እየጠሩት ነው እንዴ?" አለችኝ። "ካልጠራሁት የሚረሳኝ መስሎሽ ነው?" አልኳት። ልብሴ ነው። ነጠላዬን እንደማሰጣው አሰጣዋለሁ። ማን ምን አገባው።

ሰናይት፣ የልጄ ልጅ፣ ይህንን የምትጽፈው እሷ ነች፣ ላግዝዎ ብላ አንዱን ጫፍ ያዘች። ነፋስ መጣና ጨርቁን አንሥቶ ትከሻዋ ላይ ሊጥለው ሲል ዘልዬ ነጠቅኋት። እንዲህ መዝለል የምችል አልመሰለኝም ነበር። ልጅቷ ደነገጠች።

"ምነው እማዬ? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። ግን መግነዝ ትከሻ ላይ አይደረግም። በእኛ ቤት መግነዝ መጀመሪያ ገላውን የዞረው ሰው ነው ባለቤቱ። አንዴ ከዞረሽ ያንቺ ነው። ለሌላ ሰው ልስጥ ብትዪ ተቀባይ አታገኚም።"

"የማን ሕግ ነው እሱ?" ይህች ልጅ አሥረኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ሁሉን ነገር የማን ሕግ ነው ትላለች።

"የእናቴ ነው። የእናቴ እናትም ነው።"

"ታዲያ ይሄ መጀመሪያ የዞረው ማንን ነው?"

"እኔን።"

"በቁምዎ?"

"በቁሜ እንኳ አይደለም። ተጋድሜ ነው። የመንግሥት ባስኩላ ላይ።"

እስክሪብቶዋን ሮጣ ያመጣችው ያኔ ነው። ጻፊ እንግዲህ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንቺ ቁጠሪልኝ።

አስቀድሜ ሽታውን ልንገርሽ። ይህ ጨርቅ የጧፍ ሰምና የወይራ ዘይት ይሸታል። ሲላክ አብሮት የነበረው የዘይት ጠርሙስ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ በግርጌው በኩል ፈሶበት ነበር፣ ቢጫዋ ነጠብጣብ አሁንም አለች፣ ይኸውልሽ። ስንት ዘመን ሆነው፣ አልለቀቀም። አፍንጫዬን ሳስጠጋው የዚያን ጊዜዋ ሰቆጣ ትመጣብኛለች። ዓመተ ምሕረቱን አላውቀውም፣ ባውቀውስ ምን ይረባሻል። ጦርነቱ አልቆ ሰው የቤቱን ክዳን መጠገን የጀመረበት ጊዜ ነው፣ ይበቃል። ገበያው ከታች ከብት፣ ከመካከል ጨውና በርበሬ፣ ከላይ ደግሞ የእስላሞቹ ሱቅ ነበር። ጥግ ላይ ያለው የዛሬዋ ጎረቤታችን የዘይነባ አባት ሱቅ ነው። አቡጀዲ በክንድ ይሸጡ ነበር፣ ክንዱ ሁለት ብር ተኩል። የሚለካው በገዢው ክንድ ስለሆነ እኛ ሴቶች ረጅም ሰው ለምነን ይዘን እንሄዳለን። አንድ ከጎረቤት አገር ከጽጽቃ የሚመጣ ሰው ነበር፣ ቁመቱ የቤት ምሰሶ፣ የገበያ ቀን ሥራው ክንዱን ማዋስ ነበር ማለት ይቻላል፣ ጠላ ጠጥቶ ይገባል። የዘይነባ አባት ያን ሰው ገና ከሩቅ ሲያዩት "መጣ ያ ደሞ" ብለው ጨርቁን ወደ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ኮንጎ ጫማ ጥቁሩ ስድስት ብር፣ ቀዩ ስምንት። ቀዩን የምታደርግ ሴት ስሟ ይነሣል። እኔ ቀዩን አድርጌያለሁ። ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ቴፕ ነበር፣ የሰርግ ዘፈን ሲዘፍን ይውላል። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ጣራ ላይ ለፀሐይ ያሰጡታል፣ ዘፈኑ ትንሽ ይነሣና ደግሞ እንደ ታማሚ ሰው ይጎተታል። እኛም አብረን እየተጎተትን እንዘፍናለን።

እናቴ ብርዛፍ ያኔ ታማ ተኝታ ነበር። ሆዷን ነው። ጠበል ወሰድናት፣ ጤና ጣቢያም ወሰድናት፣ አልሆነም። ታናሽ እኅቷ እማሆይ ወለተ ማርያም ገና በልጅነቷ መንኩሳ ኢየሩሳሌም የገባች ናት፣ እኔ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የእናቴን መታመም ማን እንደነገራት እንጃ፣ አንድ ቀን ቄሱ ደብዳቤ ይዘው መጡና አነበቡልን። ከሚመለሱ ተሳላሚዎች ጋር ሣጥን ልኬልሻለሁ፣ ውስጡ የጌታ መቃብር ላይ ያስነካሁት መግነዝ አለ፣ እሱን ለብሰሽ ትቀበሪያለሽ ይላል። እናቴ ወር ሙሉ ስታቃስት የነበረች ሴት ማቃሰቷን ተወች። "መግነዜ ሳይመጣ አልሞትም" አለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠይቀው "መጣ?" ብላ ነው። ውሃ አትጠይቅም፣ "መጣ?" ብቻ። እየከሳች ሄደች፣ እጇን ስይዘው የወፍ እግር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር፣ ግን እንቢ ብላ ትጠብቃለች።

ተሳላሚዎቹ ተመለሱ፣ ሣጥኑ ግን ከነሱ ተለይቶ በኋላ መጣና ጉምሩክ ተያዘ ተባለ። ጉምሩኩ ያለበትን ከተማ ስሙን አልጠራም፣ እዚያ ያገኘሁት ሹም ልጆች ይኖሩታል። በጭነት መኪና ሁለት ቀን ያስሄዳል። ባሌ እርሻ ላይ ነበር፣ ወንድም የለኝም። ፍየሌን ሸጥኩና ብሩን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩ፣ በሶና አንድ ቅል ማር ያዝኩ። ወሬውን ዘይነባ ሰማች። አባቷ በዚያው ዓመት ሐጅ ደርሰው መጥተው ነበርና የሳቸውም ሣጥን እዚያው ተይዟል። ሽማግሌ ናቸው፣ ወንድሟ ሱዳን ነው። እቤቴ መጥታ ደጁ ላይ ቆመች።

"ብቻሽን ትሄጂያለሽ?"

"ከማን ጋር ልሂድ?"

"ከኔ ጋር። እኔ ማንበብ እችላለሁ፣ አንቺ መጣላት ትችያለሽ።"

በእድሜ እኩያ ነን። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ዕቃ ስገዛ ዋጋ ቀንሺ ብዬ ከመጨቃጨቅ በቀር አልቀረብኳትም ነበር። አይሱዙው ላይ ከማሽላ ጆንያ አናት ላይ ተቀመጥን። በጾም ቀኔ የኔን በሶ በላን፣ ሌላውን ቀን የሷን ዳቦ። አቧራው ነጠላዬን እንደ ጤፍ ዱቄት አለበሰው። ይቺን ነጠላዬን ልብ በይልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጉምሩክ ቤቱ ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በሩ ጋ መሬት ላይ ሰፊ የብረት ባስኩላ አለ፣ በርሜልና ጆንያ የሚመዘንበት። ከውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሰው። ወጣት ነው፣ ቡናማ ኮት ለብሷል፣ እጅጌው ረዝሞበት ጣቱን ይሸፍነዋል፣ ሲጽፍ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ፊቱ ያለው መጽሐፍ ቄሶቹ በሕማማት ሳምንት ከሚያነቡት ይወፍራል። የመጀመሪያውን ቀን የዘይነባን ሣጥን ብቻ ሲያይ መሸ። መስገጃውን "ምንጣፍ" አለው። መቁጠሪያውን "የአንገት ጌጥ" አለው። የዘምዘሙን ውሃ አነሣና አገላብጦ "የታሸገ ውሃ" አለ። ዘይነባ አልፈረመችም። "አባቴ ውሃ አጥቶ አይደለም ባሕር የተሻገረው" ብላው ወጣች።

በማግሥቱ የኔ ተራ ሆነ።

"ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው ጌታዬ?" አልኩት። በዚያን ሰዓት ገና እርስዎ እለዋለሁ።

"ታሪፍ ነው። ወደ አገር የሚገባ ዕቃ ሁሉ እዚህ ውስጥ ቁጥር አለው። ቁጥሩን አገኛለሁ፣ ቀረጡን አስከፍላለሁ።"

"ሁሉም አለ?"

"ሁሉም። ከመርፌ እስከ መርከብ።"

እውነቴን ነው፣ ደነቀኝ። ዓለምን በሙሉ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ጨርሰው የጻፉ ሰዎች አሉ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሣጥኑን በመዶሻ ከፈተው። የወይራ እንጨት መስቀሎቹን አወጣ፣ ገለጠ ገለጠና "የእንጨት ጌጣ ጌጥ" አለ። መቁጠሪያዎቹን አወጣ፣ "የአንገት ጌጥ፣ አርቴፊሻል።"

"አንገት ላይ አይደለም የሚደረገው። እጅ ላይ ነው፣ ይጸለይበታል።"

"እጅም አንገትም ቁጥሩ አንድ ነው።"

ጧፉን "ሻማ" አለው። ይሁን፣ ይበራልና ሻማ ነው አልኩ። የተሰነጠቀችውን የዘይት ጠርሙስ በሁለት ጣቱ አንሥቶ "የምግብ ዘይት" ሲል ዘይነባ ከኋላዬ "ወጥ ልትሠራበት መስሎት ነው" አለች፣ ሰልፈኛው ሳቀ። ከዚያ በትንሽ ከረጢት ያለ አፈር አወጣ። "ይሄስ?" "የጎልጎታ አፈር ነው።" አየት አደረገና ወደ ጎን ገፋት። አፈር ቁጥር ያላት አልመሰለውም።

መጨረሻ ላይ መግነዙ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ታትሞበታል፣ ጌታን ከመስቀል አውርደው ሲገንዙት፣ በዳር በዳሩ መላእክት። እኔ እስከዚያ ድረስ አላየሁትም ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀው ይህንን ነው ብዬ እያየሁት ሳለ ሰውየው ገጽ እየገለጠ "የግድግዳ ጌጥ" አለ።

"መግነዝ ነው ጌታዬ። የሞተ ሰው የሚገነዝበት።"

ገለጠ። ወደ ፊት ገለጠ፣ ወደ ኋላ ገለጠ። "መግነዝ የሚል የለም።"

"ከመርፌ እስከ መርከብ ብለውኝ አልነበር? ይህን የጻፉት ሰዎች አይሞቱም?"

ሰልፈኛው ደግሞ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም፣ ቀላ። የኮቱን እጅጌ ገፋ አደረገና እንዲህ አለኝ፣ "ስሚ እናት፣ ሁለት ምርጫ ነው ያለሽ። የግድግዳ ጌጥ፣ ካልሆነ የአልጋ ልብስ። ጣትሽን አሳርፊና ዕቃሽን ውሰጂ። ከኋላሽ ሰው አለ።" የቀለሙን ሳጥን ገፋልኝ።

ብሩ ነበረኝ ሰናይት። ይህን በደንብ ጻፊው። ሰቆጣ ስመለስ "ቀረጥ ላለመክፈል ነው" ያሉ ነበሩ፣ ውሸት ነው። የፍየሌ ብር መቀነቴ ውስጥ ሞልቶ ነበር፣ የጠየቀኝን እከፍል ነበር። መግነዝ ነው ብሎ ጽፎ መቀነቴን በሙሉ ፍታ ቢለኝ እፈታ ነበር። እናቴ ሞትን ደጅ አስቁማ የምትጠብቀውን ጨርቅ ግን የግድግዳ ጌጥ ነው ብዬ አውራ ጣቴን አላሳርፍም። ማንበብ አልችልም፣ ጣቴ ያለችበት ወረቀት ግን የኔ ቃል ነው። አውራ ጣቴን አጥፌ ጨበጥኩት።

"አላደርግም።"

"እንግዲያው ዕቃው እዚሁ ይቆያል።"

"እናቴ አትቆይም።"

ይህን ስለው ትንሽ ለስለስ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ መጽሐፉ ነው የያዘው። "እሺ እናት፣ ስለ ጥቅሙ ንገሪኝና ሌላ ቁጥር ልፈልግ። የሚሰቀል ነው? የሚነጠፍ ነው? የሚለበስ ነው?"

ነደደኝ። "ልንገርህ?" አልኩት። እርስዎ ማለቱ እዚያ ላይ አለቀ። "አልነግርህም፣ ላሳይህ።"

መግነዙን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰብኩ። ኮንጎ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቀዩን። በሩ ጋ ሄድኩና ባስኩላው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ በስሬ ንቅንቅ አለ።

"ዘይነባ፣ ገንዢኝ።"

"ወላሂ ትቀልጃለሽ።"

"ገንዢኝ አልኩሽ።"

አየችኝ። እኔ አሁን ድረስ ያ አስተያየቷ ፊቴ ላይ አለ። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ቢስሚላህ አለች፣ ተንበረከከች። እኛ መግነዝ እንላለን፣ እነሱ ከፈን ይላሉ። እኛ አውራ ጣቶችን በክር እናስራለን፣ እነሱ ራስጌና ግርጌውን ይቋጥራሉ። እሷ የምታውቀውን አደረገችልኝ። እጆቼን ደረቴ ላይ አደረገች፣ በቀኝ አጠፈች፣ በግራ አጠፈች፣ ግርጌውን ቋጠረች፣ መጨረሻ ፊቴን ሸፈነችና ራስጌውን ቋጠረች።

ከውስጥ ብርሃኑ ነጭ ነው። ሽታው ይሄ ሽታ ነው። አልፈራሁም። ዋሸሁ፣ ትንሽ ፈራሁ። ውጭ ሳቁ ቆመ። ጫጫታው ቆመ። የዘበኛው ዱላ ወድቃ ሲሚንቶው ላይ ስትንከባለል ሰማሁ። አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ኋላ ነበረች መሰለኝ፣ ነገሩን አላየችም፣ "ወይኔ፣ የማን ልጅ ናት? መቼ ሞተች?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማንም ዝም በይ አላላትም። እኔም እውነት የሞትኩ ያህል አዘንኩላት። ከዚያ ከጨርቁ ውስጥ ሆኜ፣

"ጻፍ እንግዲህ" አልኩት። "የግድግዳ ጌጥ ነኝ?"

ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ።

"የአልጋ ልብስ ነኝ ወይስ?"

"ይነሡ እናቴ" አለኝ። ድምፁ ከቅርብ ነው፣ ከጠረጴዛው ኋላ ወጥቶ አጠገቤ ቆሟል። "ስለ እግዚአብሔር ብለው ይነሡ።" እሱ ደግሞ እርስዎ ማለት የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ዘይነባ ፈታችኝ። ስነሣ ወንዶቹ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ፣ መጽሐፉን ግን አልከፈተውም፣ ዘጋው። ግንባሩን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። "አንድ ቦታ አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ለራሱ የሚገለገልበት፣ ገላው ላይ ያለ ልብስ አይቀረጥም። በሱ ልጽፈው እችላለሁ።"

"ጌጥ ይላል?"

"አይልም።"

ዘይነባን አየኋት። ወረቀቱን በጣቷ ተከትላ ጌጥ የሚለውን ፈለገች። "አይልም" አለችኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነከርኩና አሳረፍኩ። የመስቀሉን፣ የጧፉን፣ የዘይቱን የጠየቀኝን ከፈልኩ፣ ለመስቀሉና ለመቁጠሪያው ደግሞ "የጸሎት ዕቃ" ብሎ በብዕር ጻፈልኝ፣ ሳልጠይቀው። ከዚያ ዘይነባ ፈጠን ብላ "እኔስ? መስገጃው ላይ ሰግጄ ላሳይህ?" አለችው። "የለም፣ የለም" አለ በሁለት እጁ እየከለከለ፣ "ያንቺንም እጽፈዋለሁ።"

ስንመለስ እየዘፈንን ነው። ሣጥኖቻችንን እግራችን መሀል አድርገን፣ ማሩን ከሾፌሩ ጋር ተካፍለን፣ ሰው አሸንፎ እንደሚመለስ ተመለስን። ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ዘይነባ ወረቀቱን ከደረቷ ያወጣችው። አይሱዙው ይነጥራል፣ እሷ ፊደል ትለቅማለች። "የወይዘሮ ላቀች... የግል መገልገያ... በራሷ ገላ ላይ የነበረ ልብስ።"

ዘፈኔ አፌ ውስጥ ቀረ።

"ምነው?" አለችኝ።

"የኔ ሆነ።"

"ምኑ?"

"መግነዙ። ገላዬን ዞረኝ። በእኛ ቤት መጀመሪያ የዞረው ሰው ነው ባለቤቱ። ለእናቴ አይሆንም።"

"እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም።"

"እኛ ዘንድ አለ።"

"ታዲያ ስትጋደሚ አታውቂም ነበር?"

አውቅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር። ንዴት አስረሳኝ። ያ ሰው የግድግዳ ጌጥ ሲለኝ ከራሴ ላይ ሁሉም ነገር ወጥቶ ሄደ። የእናቴን መግነዝ ላስለቅቅ ብዬ ሄጄ፣ አስለቀቅሁት፣ በራሴ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ዘይነባ ወረቀቱን መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችና "ከኔ በቀር ያየ የሰቆጣ ሰው የለም" አለችኝ። "እኔ ደግሞ አላየሁም።" ደግ ናት። ግን እስኪ አስቢው ሰናይት፣ ለጉምሩክ ያልዋሸሁ ሴት ለእናቴ ልዋሽ?

ስገባ እናቴ ገና በር ላይ ሳለሁ "መጣ?" አለች።

"መጣ እምዬ። ግን ያንቺ አይደለም።" ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ባስኩላውን፣ ቋጠሮውን፣ ወረቀቱን። መግነዙን ጉልበቴ ላይ ይዤ፣ አልጋዋን ሳላስነካ። ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ሰማችኝ። ስጨርስ ዞር አለችና፣

"ስንት መዘንሽ?" አለችኝ።

"እ?"

"ባስኩላው ላይ። ስንት መዘንሽ?"

"አላየሁም። ተሸፍኜ ነበር።"

ሳቀች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እያመማት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ አላውቅም የትኛው ነበር። እናቴ ለቁም ነገር ሲሆን አማርኛውን ትታ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ትናገር ነበር፣ በኽምጣኛ እንዲህ አለችኝ። ያቺን የለበስሻትን ነጠላ አውልቂና ስጪኝ። አታጥቢያት። ነጠላ እንጂ ገና መግነዝ አይደለችም። ለኔ ብለሽ የሄድሽባት እሷ ናት፣ አቧራዋም ለኔ ብለሽ የተሸከምሽው ነው። አንቺ የኔን ወሰድሽ፣ እኔ ያንቺን እወስዳለሁ፣ ተለዋወጥን። ነጠላዬን ያን ሰዓት ከትከሻዬ አውልቄ ሰጠኋት። ራሷ በራሷ እጅ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፣ የሷ ይሆን ዘንድ፣ ወደ ኋላም የለም ለማለት። ቄሱን አስጠርታ በሳቸው ፊት ተናገረችው። በዘጠነኛው ቀን አረፈች። ማንንም "መጣ?" ብላ ሳትጠይቅ።

በዚያች በአቧራማ ነጠላ ገንዤ ቀበርኳት። የጎልጎታውን አፈር አልብሻታለሁ፣ መስቀሉንም በእጇ አስይዣታለሁ። ለቀብሩ የመጣ ዘመድ ሁሉ አጉረመረመ። የባሌ አክስት ደግሞ ጮክ ብላ "ለእናቷ የመጣውን መግነዝ ለራሷ ያስቀረች ልጅ አየሁ" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዞር ብዬ "እናቴ ራሷ ያላጉረመረመችውን አንቺ ለምን ታጉረመርሚያለሽ?" አልኳት። ተዝካሩ ላይም አሉ። ዓመቱ ላይም አሉ። ዛሬም ገመድ ላይ ሲያዩት ይሉታል። ይበሉ። ያን ሰውዬ፣ ያን መጽሐፍ፣ ያን የቀለም ሳጥን ዛሬ እንደገና ፊቴ ቢያስቀምጡት፣ ባስኩላው ላይ እጋደማለሁ። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ግን ደግፋችሁ ታጋድሙኛላችሁ።

አሁን ዕቃ በቀላሉ ይመጣል። የሰናይት እናት፣ ልጄ፣ ቤሩት ሆና ለክርስትና፣ ለሠርግ መቁጠሪያና ሥዕል ትልካለች። ወረቀቱ ላይ ጌጣ ጌጥ ይላል፣ ሰው ተስማምቻለሁ ለማለት ስልኩን በጣቱ ይነካዋል፣ አለቀ። ማንም አያነበውም። እኔ ግን ለሰናይት እላታለሁ፣ ጣትሽን ከማሳረፍሽ በፊት ምን ይላል ብለሽ አንብቢ። አንቺ ማንበብ ትችያለሽ፣ እኔ አልችልም ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ ጣቴን አጠፍኩ።

ይህን ጽፈን እንደጨረስን ዘይነባ መጣች። አሁን ከኔ አጥር ጎን ናት፣ ሱቁን ለልጆቿ ትታ እንደኔ አርጅታለች። ሰናይት አነበበችላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ገመዱ ላይ ያለውን ጨርቅ አየችው፣ ግርጌውን፣ የቋጠረችበትን ቦታ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

"እኔ አንዴ ገንዤሻለሁ፣ ሁለተኛ አልገንዝሽም፣ ደክሞኛል። ስለዚህ እኔ ሳልሄድ ንቅንቅ እንዳትዪ። በይ አሁን ልብስሽን አስገቢ፣ ደመናው በጽጽቃ በኩል መጥቷል።"